የወንድሜ ሞተር የፊት ሾክ

ሰው ሐዘን ሲደርስበት ጥቁር ይለብሳል፤ ጢሙን ያሳድጋል፤ የባሰበት እንደሆነ ገዳም ይገባል። እኔ ሞተር ሳይክል ፈታሁ። አዎ፣ ብሎን በብሎን፣ በገዛ ግቢዬ፣ ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆማ እያማተበች። ከመካከላችሁ ጋራዥ ያለው ሰው ካለ እዚህ ላይ ማንበቡን ቢያቆምልኝ ደስ ይለኛል። ሐዘኔ ሳያንሰኝ የባለሙያ መሳቂያ መሆን አልፈልግም።

መጀመሪያ ማንነቴን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የስሜን ተራሮች እንዴት እንደተፈጠሩ ብትጠይቁኝ ሻያችሁ ቀዝቅዞ እስኪሻግት አስረዳችኋለሁ። ብሎን በየት በኩል ዞሮ እንደሚፈታ ብትጠይቁኝ ግን ባለቤቴን ስንዱን እጠራላችኋለሁ። ስንዱ ነርስ ናት። ቤታችን ውስጥ አምፖል የምትቀይረውም፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የምታጠብቀውም እሷ ናት። እኔ የቆመችበትን ወንበር እይዛለሁ።

ሞተሩ የታናሽ ወንድሜ የአስማረ ነው። አስማረ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ከትክል ድንጋይ ጀምሮ እስከ ሳንጃ ቆላ ድረስ ያልገባበት በረት፣ መርፌ ያልወጋው በሬ አልነበረም። ለዚያ አገር መንገድ የሚሆን፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርስ ያወጣ የገጠር ሞተር ገዛ፤ ከገዛውም በኋላ የሰው እጅ አላስነካውም። አንዳንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ግቢ ይመጣና የፊት ሾኩን አውርዶ ዘይት ይቀይርለታል። እኔ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስለ ተማሪዎቼ አወራለታለሁ፤ እሱ ስለ ዘይቱ ያወራልኛል። አንዳችን የአንዳችንን አንሰማም፤ ግን ደስ ይለን ነበር።

አምና ታመመና ሞተብኝ። ከዚህ በላይ አሳምሬ ልናገረው ብሞክርም አልሆነልኝም። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አስከሬኑን አገሩ ማድረስ አልቻልንም፤ እዚሁ ጎንደር ቀበርነው። አባቴም መምጣት አልቻሉም። መርዶውን በስልክ ሰሙ፤ ከመጽሐፍ አንድ ቃል ጠቀሱና «በል ደኅና ዋል» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ በስልክ ስናወራ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ደብሩ ጣሪያ ይጠይቁኛል፤ ይነግሩኛል። የአስማረን ስም አያነሱም። አንድ ጊዜ እንኳ ሲያለቅሱ አልተሰሙም። አብራቸው የምትኖረው አክስቴ ጥሩወርቅ «ውስጡ ደርቆ ይሞትብኛል፤ እባክህ አንድ ነገር አድርግ» እያለች ትማጸነኝ ነበር። ምን እንደማደርግ ግን እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

መንገዱ ሲከፈትና ሙት ዓመቱ ሲቃረብ አባቴ ራሳቸው ደወሉ።

«አገሩ አላለቀሰለትም» አሉኝ። «እዚህ ለቅሶ ይወጣለታል። ፈረሱን ይዘህ ና።»

«የምን ፈረስ አባ?»

«ያን ሲጮህ የሚውለውን ነዋ።»

በእኛ አገር ወግ ያለው ሰው ሲሞት ፈረሱ ከነኮርቻው፣ ከነልጓሙ ተሰናድቶ፣ የሟች ልብስ በላዩ ተደርጎ፣ ለቅሶው መካከል ይዞራል። ማልቀስ ያቃተው ሰውም ያን ሲያይ ያለቅሳል። ታዲያ አባቴ መሪጌታ ናቸው። በሰው ለቅሶ ላይ ፈረስ ሲዞር ባዩ ቁጥር «ምንት ውእቱ ዝንቱ! ይህ ምንድን ነው!» ብለው ፊታቸውን የሚያዞሩ፣ ከብት ለሙት ምን ያደርግለታል እያሉ ገበሬውን ሲገሥጹ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ፈረስ ሲጠይቁ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ የደወለው ማን እንደሆነ እንደገና አየሁ።

«እሺ አባ፤ አይሱዙ ላይ አስጭኜ አመጣዋለሁ።»

«ምነው! የሟች ፈረስ ማኪና ላይ ወጥቶ ሲመጣ የት አየህ? እህል ነው? በእግሩ ነው የሚመጣ።»

«እንዲያ ከሆነ ጋራዥ ላሳየውና...»

«የዘመድ እጅ ነው የሚያሰናዳው። ቅጥረኛ እንዳታስነካው። አንተ ወንድሙ አይደለህ?»

ነኝ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ሞተሩ ግቢያችን ጥግ ላይ ዓመት ሙሉ ተሸፍኖ የተኛበትን ሸራ ገለጥኩ። የፊት ጎማው ሥር ዘይት ፈስሶ አፈሩን አጥቁሮታል። አስማረ ሲያደርግ እንዳየሁት መሪውን ይዤ ወደ ታች ተጫንኩት። የሞተሩ ፊት ጓ ብሎ ወረደና ተፈናጥሮ ተመለሰ፤ መሪው አገጬን መታኝ፤ ምላሴን ነከስኩ። ስንዱ ከበረንዳው ሆና «ዘይት የለውም ማለት ነው» አለችኝ። ምላሴ ስላበጠ መልስ አልሰጠሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት ሾክ ማለት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ቱቦዎች ናቸው። በየቱቦው ውስጥ ሞላ አለ፤ ዘይት አለ። ሞላው ጉድጓዱን ይቀበላል፤ ዘይቱ ሞላውን አደብ ያስገዛዋል። ዘይቱ እንዳያመልጥ ደግሞ የቱቦው አፍ ላይ ሲል የምትባል የጎማ ቀለበት አለች። የእኛዎቹ ሁለቱም ሲሎች ደርቀው ተሰንጥቀዋል።

እኔ ግን «ለአንድ ቀን ጉዞ ምን ይሆናል» ብዬ እንደዚያው ልነዳው አሰብኩ። መንዳቱን አስማረ አስተምሮኛል፤ ማለቴ መነሣቱን እችላለሁ። ለሙከራ ወደ ቀሐ ወንዝ የሚያወርደውን የኮብልስቶን መንገድ ያዝኩ። ፍሬን በነካሁ ቁጥር የሞተሩ ፊት ይደፋል፤ እኔም አብሬው እሰግዳለሁ፤ ለቀቅ ሳደርገው ቀና ይላል፤ ቀና እላለሁ። መንገድ ዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ለእሳቸው እጅ የምነሣ መስሏቸው ብድግ አሉ፤ ጎንበስ አሉልኝ። ደግሜ ሰገድኩ። እሳቸውም ደገሙ። ከታች ቆሻሻ መጣያው ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ በራሴ ፈቃድ አይደለም። ሞተሩን እየገፋሁ ዳገቱን ስመለስ ሽማግሌው አሁንም ቆመው ነበር። «እግዜር ያክብርህ ልጄ፤ እንዲህ ያለ ትሕትና ድሮ ቀረ ብዬ ነበር» አሉኝ።

ማድረግ ያለብኝ ግልጽ ሆነ፤ ሾኩ መፈታት ነበረበት። ሁለት ሲልና ዘይት ገዛሁ። ስልኬ ላይም ሥራውን ከነዝርዝሩ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘሁ። ሰውዬው ግን ገና ከመጀመሩ ሰላምታ ያበዛል፤ ከየት እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠጣ ያወራል። መጀመሪያውን ዘለልኩት። አንድ ሰው ደጃፍ ላይ አስቁመን ስለ ከብቱና ስለ ልጁ ሳንጠይቅ የማናሳልፍ የጎንደር ሰዎች፣ የሰው አገር ሰው ሰላም ሲለን ግን ትዕግሥት የለንም። የዋናው ነገር ሚስጥር ያለው እዚያ ሰላምታ መሐል መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ሰውዬው ለካ «ቱቦው ሞተሩ ላይ እንዳለ የላዩን ክዳን ፈታ አድርጉት፤ ካወረዳችሁት በኋላ አትችሉትም» ብሎ ኖሯል።

አወረድኩት። አልቻልኩትም። ክዳኑን ሳዞር ቱቦው አብሮ ይዞራል። በእጄ ያዝኩት፤ አንሸራተተኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ በሁለት ጉልበቴ መካከል አጣብቄ ያዝኩና ስንዱ በመፍቻ እንድታዞረው አደረግን። በዚያ ሰዓት በራችን ተከፍቶ ዘመድ ቢገባ ምን ብለን እንደምናስረዳ እግዚአብሔር ይወቅ። ስንዱ ላብ እስኪያሰጥማት ታገለች፤ «ላልቷል መሰለኝ» አለች፤ ሞላውም ከታች ሲጠብቅ የቆየውን ቀን አገኘ። ክዳኑ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ የቆርቆሮ ጣሪያውን መታው፤ ከጣሪያው ወደ ውኃ ታንከሩ፣ ከታንከሩ ወደ ጎረቤት አጥር።

እንዲህ ያለ ተኩስ የሚመስል ድምፅ ሲሰማ የሰፈራችን ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። በር የሚዘጋ ድምፅ ከታች እስከ ላይ ተከታተለ። ባለ ሱቁ መስኮቱን ጠረቀመ። የጎረቤቴ ሴት ልጆቿን አልጋ ሥር አስገባች። እኔ ዘይት የነካውን እጄን ወደ ላይ አድርጌ በየበሩ እየዞርኩ «ሞላ ነው! የሞተር ሞላ ነው!» እያልኩ ጮህኩ። ማንም አልከፈተልኝም። እጁን አንሥቶ ለሚመጣ ሰው ማን ይከፍታል? ክዳኑን ያገኘነው ሰዉ ተረጋግቶ ከወጣ በኋላ ነው፤ የጎረቤቴ በግ አጠገቡ ተኝታ ነበር።

ቀጥሎ የድሮውን ዘይት መድፋት ነበረብን። ስንዱ ቱቦውን ሳህን ላይ ዘቀዘቀችው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቁናስ ቁናስ የሚሸት ነገር ጥቂት ወጣ። «የት ልድፋው?» አለችኝ። ያንን ዘይት የሞላው አስማረ ነው። እዚያው ድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ሱሪው ተበላሽቶ፣ እያወራኝ የሞላው ነው። የእጁ ሥራ ሆኖ የቀረኝ ይኸው ብቻ መሰለኝና ሳህኑን ታቅፌ ሕፃን ሆኜ አለቀስኩ። ስንዱ ሳህኑን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና አጥራችን ሥር ያለችው ጽድ ግርጌ አፈሰሰችው። የጽዷን ነገር ትቼዋለሁ፤ የዕፅዋት መምህሮች እንዳይሰሙኝ።

አክስቴ ጥሩወርቅ ለሙት ዓመቱ የሚሆን ዕቃ ልትገዛ ከገጠር የመጣችው በዚሁ መሐል ነው። አክስቴ በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ናት። የምታውቀውን ሟች ሁሉ በግጥም አሞግሳ ቀብራለች። ሞተሩን ግን እንዴት አድርጋ እንደምታሞግስ ጨነቃት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ ሽርጧን አገልድማ ትጠይቀኛለች።

«ይኼ ምኑ ነው?»

«ሲል ይባላል፤ ዘይት የሚይዝ ጎማ ነው።»

«ሲል...» ትልና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቤት የሚመታ ቃል ትፈልጋለች፤ ታጣለች። «ፈረስ ቢሆን ዳማው፣ ጉራቻው እል ነበር። ይኼ ሣር አይበላ፣ አያሽካካ! ኧረ ምን ብዬ ላልቅስለት?»

እኔም የራሴ ጭንቅ አለብኝ። አዲሱን ሲል ወደ ቱቦው ሳስገባ ከንፈሩ በቱቦው ጠርዝ ተቆረጠ። ሌላ ገዛሁ። ስንዱ የቱቦውን ጫፍ በስስ ፌስታል ሸፍና በዘይት አለስልሳ አንድ ጊዜ አስገባችውና «የሽንት ካቴተር እንደማስገባት ማለት ነው» አለችኝ። ዝርዝሩን አልጠየቅኳትም። ሲሉን ወደ ቦታው ለመቀርቀርም የውኃ ቱቦ ቆርጠን በመዶሻ ደበደብነው፤ ጎረቤቶቼ እንደገና እንዳይደነግጡ ስንዱ አስቀድማ እየዞረች ነገረች።

የቀኙን ዘይት በመርፌ እየለካን ሞላን። ለግራው የሚሆነውን አቧራ እንዳይነካው ብዬ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። የመለዋወጫ ሱቁ ሰውዬ ከትልቁ ቆርቆሮ የቀዳልኝ በምግብ ዘይት ጠርሙስ ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳትቀድሙኝ ልንገራችሁ። ጾም ነበረ። አክስቴ ለእኛ አዝና ሽሮ ልትሠራ ሽንኩርት ከተፈች፤ ከመደርደሪያው ላይ ጠርሙሱን አወረደች፤ ጨመረች። እኔ ግቢ ሆኜ ሽታው ደረሰኝ፤ ከሞተሩ የመጣ መስሎኝ ሞተሩን ማሽተት ጀመርኩ። አክስቴ ከውስጥ «የከተማ ዘይት ምነው እንዲህ ይገማል? እናንተ በምን አንጀታችሁ ነው የምትበሉት?» ትላለች። ስንዱ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆም አለች፤ አየሩን አሸተተች፤ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። ድስቱ ከነሽንኩርቱ ጉድጓድ ገባ። አክስቴ አልቀመስኩም ብላ ማለች፤ ስንዱ ግን እስከ ማታ ዓይኗን እየገለጠች ስታያት ዋለች።

የቀረው ዘይት ለግራው አልበቃም። ሱቁ ስመለስ ያው ዓይነት አልቋል፤ ወፍራሙ ብቻ ነው ያለው። እሱኑ ቀላቀልኩበት። ቀኙ ቀጭን፣ ግራው ወፍራም ሆነ። አስማረ ቢያየኝ ምን እንደሚለኝ እያሰብኩ ስቆዝም ስንዱ «ሰውም ቢሆን ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ዝጋው» አለችኝ። ዘጋሁት።

በሙት ዓመቱ ቀን ጠዋት ተነሣን። እኔ በሞተሩ ከፊት፤ ስንዱና አክስቴ ከነዕቃቸው በሚኒባስ ከኋላ። አክስቴ ሹፌሩን «ፈረሱን እንዳትቀድመው» ብላ አዝዛዋለች። እሱም የምን ፈረስ እንደሆነ ሳይገባው እሺ ብሏል። እኔ ደግሞ ከፍርሃቴ የተነሣ የምነዳው በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳልርቅ ነው። ተሳፋሪው ጮኸ። አንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አንተ! ተኝተህ ነው የምትነዳው? ገበያ አለብን!» ብሎ ሰደበኝ፤ ሌላውም ተቀበለው። ከዚያ ዝም አሉ። ስንዱ በኋላ እንደነገረችኝ አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ማን እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ፣ ሞተሩ ለምን እንደሚሄድ ነግራቸው ኖሯል። ተሳዳቢው እንደገና አንገቱን አወጣ። «አይዞህ ወንድሜ፤ ቀስ በል» አለኝ። ትክል ድንጋይ እስክንደርስ ማንም ቅደመው አላለም።

ገበያተኛው ትክል ድንጋይ ላይ ወረደ፤ እኛ ከነሚኒባሱ አስፋልቱን ትተን ወደ እኛ መንደር የሚገባውን ድንጋያማ ጥርጊያ ያዝን። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ሾኩ ይሠራል! ጉድጓድ ሲመጣ ይወርዳል፤ ይመለሳል። አይዘልም፤ አይንኳኳም። በደስታ ጮህኩ። ወዲያው ደግሞ የማበስረው ሰው ማን እንደነበር ትዝ አለኝና እንባዬ መንገዱን ጋረደብኝ።

አባቴ መንደሩ መግቢያ ላይ ከአገሩ ሰው ፊት ቆመዋል። ከስተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሞተሩን ብቻ ያያሉ። ሰላም አላሉኝም። አጠፋሁትና ወረድኩ። ስንዱ የአስማረን ጃኬት ከሚኒባሱ አውጥታ ወንበሩ ላይ አለበሰችው። አባቴ ቀረብ ብለው በልጓም ቦታ የመሪውን ጫፍ ያዙ፤ ወደ ሰዉ መካከልም ይመሩት ጀመር። ፈረስ ሲመሩት ራሱ ይራመዳል። ሞተር ግን ገፊ ይፈልጋልና እኔ ከኋላ አጎንብሼ ገፋሁ። የሚያየኝ ሰው አንገቴን ደፍቼ የማለቅስ መስሎት «ተው፣ በቃህ፤ ወንድም አይደለህ፣ ጠንክር» ይለኛል። እየገፋሁ ነበር። እያለቀስኩም ነበር።

አክስቴ ቃል ያጣች መስሎኝ ስፈራላት ድምፅዋ ከሰዉ በላይ ወጣ።

ፈረስ ቢሉኝ ፈረስ፣ ሣር አይግጥ ገለባ፣
ጌታውን አውርዶ ብቻውን ሲገባ።

ሰዉ አንድ ላይ ዋይ አለ። በአስማረ እጅ ከብታቸው የዳነላቸው ገበሬዎች ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹ ጃኬቱን እየነኩ እጃቸውን ሳሙ። አባቴ ግን ዓይናቸው ደረቅ ነው። ይመራሉ፤ እገፋለሁ፤ ይመራሉ። ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ቀረ፣ ደርቀው ሊሞቱብን ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ለቅሶው መካከል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መቋሚያቸውን ለአክስቴ ሰጧትና ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አሳረፉ። የደከማቸው መሰለኝ። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«አስማረ» አሉ። «አስማረ ልጄ። መጣህ?»

ክብደታቸውን ሁሉ መሪው ላይ ጣሉት። የሞተሩ ፊት አብሯቸው ወረደ። የግራው ሲል ፈንድቶ አባቴን መሬት ላይ የሚዘረጋቸው መሰለኝ። አልፈነዳም። ትንፋሽ ሊሰበስቡ ቀና ሲሉ ሾኩ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ መለሳቸው። እንደገና ወደቁበት፤ እንደገና መለሳቸው። ሰዎች ሊያነሷቸው ሲመጡ አክስቴ በእጇ ከለከለቻቸው። እኔም ከኋላ ሞተሩን ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ አባቴ ልጃቸውን አልቅሰው እስኪጠግቡ ድረስ ቆምኩ።